ኦቦ ደሬሳ ያሉኝን ሰምቼ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየላጥኩ ሬዲዮ አዳምጥ ነበር። የሚወራው ሩቅ ባሕር ላይ ስለ ሰጠመች የመንገደኞች ጀልባ ነው። በሕይወት ከተረፉት አንዱን አግኝተው ያናግሩታል። ድምፁ የወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። ጀልባዋ ስትነሣ ማን አጠገቡ እንደ ተቀመጠ፣ ውኃው እንዴት አጥንት ድረስ እንደሚቀዘቅዝ አንድ በአንድ ይናገራል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ጋዜጠኛዋ ጠበቀችው። ንግግሩን ሲቀጥል ግን ካቆመበት አልነበረም፤ ዘልሎ ዳር ወጥቶ ነበር። ጋዜጠኛዋ ልብ ያለችው አይመስለኝም። እኔ ግን ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ያንን ዝላይ አውቀዋለሁ። የራሴን ታሪክ ለአሥራ ሰባት ዓመት እንደዚያው እየዘለልኩ ሳወራው ኖሬያለሁ።

ዛሬ ሳልዘል ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት አምቦ ነው። ከቤታችን ጀርባ ወረድ ሲሉ ሁሉቃ ወንዝ ይገኛል። ልጆች ሳለን ልብስ የምናጥበው፣ ድንጋዩ ላይ አስጥተን እስኪደርቅ የምንጫወተው እዚያ ነበር። አስተማሪያችን ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ እንደሚገባ ሲነግረን ለፈተና ካልሆነ ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነው የያዝኩት። አንድ ቀን ያ ትምህርት በራሴ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት የጤና ረዳትነት ሥልጠናዬን ጨርሼ በጊንደበረት በኩል፣ ቆላ ወርዶ ወዳለ ትንሽ ክሊኒክ ተመደብኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአምቦ ካቺሲ በጭነት መኪና ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ክረምት ከሆነ ጭቃው ውስጥ ማደርም አለ። ከካቺሲ ወዲያ መኪና የለም። ገደሉን ቁልቁል በእግር ነው፤ ቁርጭምጭሚት እየተንቀጠቀጠ፣ ብርዱ በየመታጠፊያው እየቀረ፣ ታች ሲደርሱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ይቀበላል። እናቴ ለመንገድ የሰጠችኝ ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ እዚያ ሲደርስ ቅቤው ቀልጦ ጨርቁን አርሶት ነበር። የመጀመሪያ ማታ ያንን ጭኮ ከጋሽ ተሾመ ጋር ተካፍለን በላን። ጋሽ ተሾመ የክሊኒኩ ድሬሰር ናቸው፤ እሳቸውም የአምቦ ሰው፣ ጾም የማያፈርሱ፣ ቁስል ሲያጥቡ ከበሽተኛው ጋር አብረው የሚያቃስቱ። ከእሳቸውና ከእኔ ሌላ ሠራተኛ አልነበረም።

ከክሊኒኩ ሁለት ሰዓት ያህል ሲወርዱ ጉደር ወንዝ ይገኛል። ጉደር ከተማ አጠገብ ፏፏቴውን ያየ ሰው ወንዙን ያወቀው ይመስለዋል፤ እዚያ ታች ግን ሰፍቶ፣ ደፍርሶ፣ ሌላ ፍጡር ሆኖ ነው የሚያልፈው። መሻገሪያውን ሰዎቹ መልካ ይሉታል። በበጋ በእግር ይሻገሩታል። ውኃው ሲሞላ ግን ያለችው የኦቦ ደሬሳ ጀልባ ብቻ ነበረች። ጀልባ እንበላት እንጂ ባዶ የዘይት በርሜሎች በሽቦ ተጠፍረው፣ ላያቸው ላይ ሳንቃ የተመታባቸው ናት። ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የብረት ገመድ አለ፤ እሳቸው ገመዱን በእጃቸው እየሳቡ ያሻግራሉ። ከብዙ ዓመት መሳብ የተነሣ ቀኝ ትከሻቸው ዘንበል ብሎ ቀርቷል። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች፤ የሚኖሩት ከትንሽ ልጃቸው ከአበበች ጋር ነው። ዋጋቸው በሰው አንድ ጣሳ ማሽላ ነበር፤ የሌለው ሰው ደግሞ መርቋቸው ይሻገራል።

መስከረም ሊያልቅ ነው። ላይ ደጋው በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ ታች ግን ማሽላው ገና አረንጓዴ ነበር። በወንዙ ማዶ ካሉት መንደሮች እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት የሚያመጡበት ቀን ደረሰ። እንደ ደንቡ እኔ ነበርኩ ወደ እነሱ መሻገር የነበረብኝ። ውኃ ግን እፈራ ነበር፤ በተለይ ያንን ውኃ። ስለዚህ እናቶቹ ወደዚህ ማዶ ይምጡ ብዬ አስቀድሜ መልእክት ላክሁ። እነሱም አላንገራገሩም። ኦቦ ደሬሳ ከጠዋት ጀምሮ በሦስት ምልልስ አሻገሯቸው።

መልካው አጠገብ ባለው ትልቅ ሾላ ሥር የበረዶ ሳጥኔን አስቀምጬ ስከትብ ዋልኩ። ሰማያዊ ሳጥን ናት፣ ወፍራም ግድግዳ ያላት፤ ክትባቱ ውስጧ በበረዶ ተከቦ ይቀመጣል። ሕፃን በለቀሰ ቁጥር ሌሎቹ ተራቸው ሳይደርስ ያለቅሳሉ። እናቶቹ ይስቃሉ። አንዷ የበቆሎ እሸት ጠብሳ ነበርና ከእጄ ላይ መርፌውን ባስቀመጥኩ ቁጥር አንድ አንድ ቁራጭ ታጎርሰኛለች። ዲንቄ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጇን ይዛ ነው የመጣችው፤ ገና አራት ወር ያልሞላት ልጅ፣ ፀጉሯ ጥቁር ክምር። ካርዱ ላይ ልጽፍ ስሟን ስጠይቃት ሳቀች። አባቷ አንድ ስም፣ አያቷ ሌላ ስም ስላወጡላት የትኛውን ልስጥሽ አለችኝ። አንቺ የምትጠሪያትን ንገሪኝ አልኳት። ጅቱ በያት አለችኝ። ጅቱ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የሚቀጥለውን ወር ቀጠሮ ሞላሁ።

ከሰዓት ሥራዬን ሳጠናቅቅ ግን አዲስ የወለዱ ሦስት አራሶች ማዶ እንደቀሩ ነገሩኝ። አራስ ወንዝ አትሻገርም። እኔ ልሄድ ግድ ሆነ፤ ወይም ነገ ተመልሼ መውረድ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የማልዘለው። በማግስቱ ወደ አምቦ የሚሄድ የጭነት መኪና ከካቺሲ ይነሣ ነበር። ፈቃድ ወስጃለሁ። እናቴን ካየኋት ስድስት ወር አልፎኛል። መኪናው ካመለጠኝ ሌላ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ተሻግሬ፣ አራሶቹ ቤት ደርሼ፣ ተመልሼ፣ ገደሉን መውጣት ነበረብኝ። በረዶዬም እየቀለጠ ነበር፤ ለሰው ስናገር ሁልጊዜ የማነሣው በረዶውን ነው። እውነቱ መኪናው ነበር።

ከወንዙ ወደ ላይ፣ በአምቦና በጉደር በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። እናቶቹ ሳይዘንብ ቤታቸው ለመግባት ቸኩለው ሁሉም ጀልባዋ ላይ መውጣት ጀመሩ። ኦቦ ደሬሳ ወንዙን ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። አጠገባችን ዲንቄና አንዲት ሌላ እናት ብቻ ነበሩ።

«ኢንተሎ፣» አሉኝ፤ ልጄ እንደ ማለት ነው። «ለሁለት እንክፈለው። ውኃው ጠባዩን ቀይሯል፤ ግማሾቹን ላድርስና ልመለስ።»

አንዱ ምልልስ እስኪያልቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠዋት አይቼ ነበር። በልቤ ገደሉን፣ ካቺሲን፣ መኪናውን አሰብኩ።

«ኦቦ ደሬሳ፣ እባክዎን፣ ጊዜ የለኝም» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ነው። ሁላችንም እንሂድ፤ ምንም አይሆንም።»

ቁጣም አልነበረኝም፤ ለስለስ አድርጌ ነው ያልኩት። ግን ነጭ ጋውን ለብሼ ነበር። በዚያ አገር ነጭ ጋውን የለበሰች ሃያ ሁለት ዓመቷም ቢሆን ሐኪም ናት፣ መንግሥት ናት። ኦቦ ደሬሳ ጋውኔን አዩት፣ ወንዙን አዩት፣ ጀልባዋ የታሰረችበትን ገመድ ፈቱ።

እስከ መሐል ድረስ በደህና ሄድን። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሳጥኔን እግሬ ሥር አድርጌ ማንጠልጠያዋን ይዤያለሁ። ሳንቃው ከውኃው ብዙም ከፍ አላለም ነበር፤ ጠዋት ግን እንደዚያ አልነበረም። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ወንዙ እስካሁን ይንሾካሾክ የነበረ ይመስል በአንድ ጊዜ ማጓራት ጀመረ። በላይ በኩል ባለው ጠርዝ ቡናማ ውኃ ሳንቃው ላይ ወጥቶ እግራችንን አራሰው። የቆሙት ሴቶች እግራቸውን ለማዳን ሁሉም ወደ ኋላ ሸሹ። ኦቦ ደሬሳ ባላችሁበት ቁሙ ብለው ጮኹ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኹ። ጀልባዋ አንድ ጎኗ ቀና አለ። በዚያችው ቅጽበት ነው ግንዱ የመጣው፤ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ሥሮቹን እንደ ጣት ዘርግቶ።

ስንገለበጥ ጩኸት የሰማሁ አይመስለኝም። የማስታውሰው የአፈር ጣዕም ነው። ውኃው አፈር፣ አፈር ይላል፤ ዝናብ የነካው የደጋ አፈር። በኋላ ሳስበው ያ ዝናብ የዘነበው ከሰዓታት በፊት አምቦ ላይ፣ ምናልባትም በእናቴ ቤት ቆርቆሮ ላይ ነበር። ከሁሉቃ ወርዶ ነው የደረሰብኝ።

ብቅ ስል እጄ ላይ የሳጥኗ ማንጠልጠያ ነበረ። እንዳልለቀቅሁት አላውቅም ነበር። ሳጥኗ ትንሳፈፋለች። ደረቴን ጣልኩባት፤ ጠለቅ አለች፣ ተመልሳ ወጣች። አንድ ሰው ብቻ ነው የምትችለው። በጎኔ ዲንቄ ብቅ አለች። ልጇን ከጀርባዋ አውጥታ በአንድ እጇ ወደ ላይ ይዛታለች፤ በሌላው እጇ የሳጥኗን ጠርዝ ያዘች። ሳጥኗ ጋደለች፤ ሁለታችንም ውኃ ጠጣን። ዲንቄ ይህን አየች። ልጇን ሳጥኗ ላይ፣ አገጬ ሥር አስቀመጠቻት።

«ጭንቅላቷን ቀና አድርጊላት» አለችኝ።

ልጇን ለአንድ አፍታ ጎረቤት እንደምታስይዝ እንደ ማንኛዋም እናት ነው ያለችኝ። ከዚያ እጇን ከሳጥኗ ላይ አነሣች። አልተንሸራተተባትም። አነሣችው።

ውኃው ወደ ታች ወስዶ አንድ መታጠፊያ ላይ፣ ሸምበቆ ውስጥ ጣለን። ከብት የሚጠብቁ ሰዎች አወጡን። ጅቱ ደህና ነበረች፤ ክትባቱን የወጋኋት ቦታ ብቻ ቀላ ብሎ ነበር። ኦቦ ደሬሳ የብረት ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው ሁለት ልጆችና አንዲት እናት ይዘው ቀሩ፤ መዳፋቸው እስከ ሥጋው ተልጦ ነበር። ከእነዚያና በዋና ከወጡ ጥቂቶች በቀር የሌሎቹን አስከሬን ለቀናት ከወንዙ ዳር ሲለቅሙ ሰነበቱ። ዲንቄን በሦስተኛው ቀን አገኟት። እኔ ግን አላየኋትም። ጋሽ ተሾመ አትሂጂ ብለው ክሊኒኩ ውስጥ ዘጉብኝ።

በሳምንቱ የአገር ሽማግሌዎች እዚያው ሾላ ሥር ተቀመጡ። ሕዝቡ ከሁለቱም ማዶ መጥቶ ነበር፤ ማዶኞቹ ወንዙ ስላልጎደለ በዚያ ዳር ቆመው ነው የሚሰሙት፣ ቃል እየተቀባበለ ይሻገርላቸዋል። ኦቦ ደሬሳ ለማሽላ ስስት ብለው ከልክ በላይ ጭነዋል የሚል ወሬ አስቀድሞ ተነዝቷል። እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ቶለራ የሆነውን እንዲናገሩ አዘዟቸው። ኦቦ ደሬሳ ባጭሩ ተናገሩ። ለሁለት ይከፈል ብዬ ነበር አሉ። ሐኪሟን ጠይቋት አሉ። ቸኩላ ነበር አላሉም፣ እሷ ናት አላሉም። ያሉት ይህንኑ ብቻ ነው።

ኦቦ ቶለራ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እንደዚያ ሲል ሰምተሻል?»

በዙሪያዬ ያሉትን ፊቶች አየሁ። ያን ቀን ካርድ የጻፍኩላቸው ሰዎች ባሎች፣ እናቶች፣ እኅቶች ናቸው። ሰምቻለሁ ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አንቺስ ምን አልሽ? የሰሙት ሁለቱ እናቶች በሕይወት የሉም።

«ወንዙ ይጮህ ነበር» አልኩ። «አልሰማሁም።»

ኦቦ ደሬሳ ቀና ብለው አዩኝ። አፋቸው በጥቂቱ ተከፈተ። የጠበቅሁት ሲጮሁብኝ፣ ሲምሉ፣ ሲገዘቱ ነበር። እሳቸው ግን ግራ እንደገባው ሰው ግንባራቸውን ቋጠሩና ወደ መሬት አዩ። «ያልኩ መስሎኝ ነበር» አሉ በቀስታ።

ሽማግሌዎቹ ከወንዙ እንዲርቁ ፈረዱባቸው። ከመልካው አጠገብ እንዳይኖሩ፣ ገመዱም እንዲቆረጥ። በማግስቱ ኦቦ ደሬሳ አበበችን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በክሊኒካችን ደጅ አልፈው ገደሉን ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ፊቱን እያዞረ ነበር።

በሚቀጥለው ወር የቀጠሮ ቀን መዝገቡን ገልጬ ተቀመጥኩ። ስም ከሥር ከሥሩ ተደርድሯል፤ በየስሙ ትይዩ ባዶ ቦታ አለ፣ ልጁ ሲመጣ ምልክት የማደርግበት። ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። ጅቱን አክስቷ አዝላ አመጣችልኝ። ሁለተኛውን ክትባት ግን ጋሽ ተሾመ መርፌውን ከእጄ ተቀብለው ሰጧት። ከዚያ በኋላ ወሬዋን በሩቁ ነው የምሰማው፤ አድጋ ካቺሲ አግብታለች አሉኝ።

አምቦ የመጣሁት ኅዳር ላይ ነው። እናቴ አቅፋኝ አልለቅ አለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድሰጥ ተነገረኝ፤ አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስለነበሩ እምቢ ማለት አልቻልኩም። መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ሕፃኗ፣ ስለ ሸምበቆው ተናገርኩ። ሰው እያለቀሰ እልል አለ። ኦቦ ደሬሳ ለሁለት እንክፈለው ያሉኝ ቦታ ላይ ስደርስ፣ ዘለልኩት። ከዚያ ወዲያ የት ተጠርቼ ያልተናገርኩት አለ? የጸሎት ስብሰባ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሥልጠና ላይ። በተናገርኩት ቁጥር ታሪኩ እያማረ ሄደ። ዝላዩም እየቀለለኝ መጣ። ውሸት ሲደጋገም እውነት ይመስላል ይላሉ። ለእኔ አልመሰለኝም። ብቻ እግሬ ለመደው።

ወደ አምቦ ተዛውሬ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እስከ ዛሬም የምሠራው የክትባት ክፍል ነው። ጀልባዋ ከተገለበጠች አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆን አንዲት ወጣት ልጇን ልታስከትብ መጣች። ለካርዱ ስሟን ጠየቅኋት።

«አበበች ደሬሳ» አለችኝ።

ብዕሬን ያዝ አድርጌ የት ነው የተወለድሽው አልኳት። ነገረችኝ። አባትሽስ አልኳት። አሉ፣ ጉደር ነን፣ አርጅተዋል አለችኝ። አላወቀችኝም።

በዚያው ሳምንት በሚኒባስ ወደ ጉደር ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ሩቅ ያደረኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ደሬሳ ደጃፋቸው ላይ ባለ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ትከሻቸው አሁንም ዘንበል እንዳለ ነው። ዓይናቸው ደክሟል። አካም ጅርቱ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ በድምፄ ለዩኝ። ከዚያ ተቀመጪ አሉኝ። አበበች እርጎ አምጥታልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ጽዋውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ አንድም ሳልቀምስ፣ የመጣሁበትን ተናገርኩ። የጭነት መኪናውንም ተናገርኩ።

ስጨርስ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ሰምተሽኝ ነበር?» አሉኝ።

«ሰምቼዎታለሁ።»

«ለሁለት እንክፈለው ስል?»

«አዎ። ውኃው ጠባዩን ቀይሯል ብለውኛል።»

ከጎረቤት እህል የሚወቀጥበት ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። «እንግዲያው ተናግሬ ነበር» አሉ።

በኋላ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ያን ቀን ሾላው ሥር አልሰማሁም ስል ዋሸች አላሉም ነበር። ልጅ ናት፣ የተማረች ናት፣ ለምን ትዋሻለች አሉ። ስለዚህ ራሳቸውን ተጠራጠሩ። በልቤ አስቤ በአፌ አላወጣሁት ይሆን፣ ወይም በቀስታ ብዬው ይሆን፣ እውነትም ለማሽላው ብዬ ይሆን እያሉ አሥራ ሰባት ዓመት ያቺን አንዲት አፍታ ሲያገላብጧት ኖሩ። እኔ የፈራሁት ጥላቻቸውን ነበር። ያደረግሁባቸው ግን ከዚያ የከፋ ነው፤ ከገዛ ትዝታቸው አጣላኋቸው።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። ይቅር ብያለሁ አሉ። ግን አንድ ነገር ለመኑኝ፤ ወደ መልካው ወስጃቸው፣ እዚያው ሕዝብ ፊት ይህንኑ እንድናገር። ቃል ገባሁ። ያኔ ሰኔ መግቢያ ነበር፤ መንገዱ ሊበላሽ ነው፣ ክረምቱ ሲያልፍ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድዎታለሁ አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ግን ደግሞ ክረምቱ በመግባቱ ውስጤ እፎይ እንዳለ አልክድም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሞቱ።

ቀብራቸው ላይ ዝናብ ያካፋ ነበር። ከቆላ የመጡ ዘመዶቻቸው ነበሩ፤ ኦቦ ቶለራም አርጅተው፣ በሰው ተደግፈው መጥተዋል። የእድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። ከመልካው ወደ ጉደር «በልዩ ልዩ ምክንያት» መጡ ይላል። ወረቀቱን አጥፎ ሲጨርስ የእድሩን ዳኛ አስፈቅጄ ወጣሁ። ጃንጥላዬን አጥፌ ነው የተናገርኩት። በአማርኛ ጀምሬ፣ የቆላዎቹ እንዲሰሙኝ በኦሮምኛ ደገምኩት። እሳቸው ለሁለት ይከፈል ብለዋል፤ እኔ ሰምቻለሁ፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ፊት የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኩ። ማንም አላቋረጠኝም። አንዲት እኅቷ በጀልባዋ የሞተችባት ሴት ተነሥታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። ኦቦ ቶለራ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መቃብሩ ዞሩና «ደሬሳ፣ በደልንህ» አሉ።

ሰው ሲበተን አበበች ወደ እኔ መጣች። ትመታኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ይሻለኝም ነበር። እሷ ግን በጣም በደከመ ድምፅ ነገረችኝ። እኔ ከሄድኩበት ቀን ጀምሮ አባቷ ጠዋት ጠዋት ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው መንገዱ ዳር ይቀመጡ ነበር። ክረምት ነው፣ መኪና አይመጣም ስትላቸው ምናልባት ብለው ይመልሳሉ። ሲታመሙም የሚጠይቋት አንድ ነገር ነበር።

«ክረምቱ መቼ ነው የሚወጣው እያሉ ነው የሞቱት» አለችኝ።

አበበችን ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አገኛታለሁ። ሰላም ትለኛለች፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቃለች፣ ከእኔ ጋር ግን ቆማ አታውቅም። አልፈርድባትም። ሰው ከውኃ እንዴት ወጣሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ዛሬ ሁሉንም እናገራለሁ፤ አንዳንዱ እውነቱን በመናገርሽ ቀለለሽ አይደል ይለኛል። እኔ ግን ነሐሴ በገባ ቁጥር፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲበረታ፣ ጉደር መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው አያለሁ። መኪና በመጣ ቁጥር ቀና ይላሉ።